ሱሪዬን ያገተው ፊልም

የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ በቅርብ አላውቃቸውም። እሳቸው የወገቤን ልክ በቃላቸው ይይዛሉ፤ እኔ ግን የልጆቻቸውን ቁጥር እንኳ አላውቅም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ደፍሬ እናገራለሁ፦ ከጨቋኝ ሁሉ የከፋው ጨቋኝ «ይህን ፊልም ሳታይ እንዳትሞት!» የሚል ሰው ነው። ሌላው ጨቋኝ ዝም ስትለው ይተውሃል፤ ይሄኛው ዝምታህን እሺ እንዳልከው ይቆጥረዋል።

የእኛ ሰፈር ጨቋኝ እኚሁ ልብስ ሰፊ ናቸው። ክቡርነታቸው ፊልሙን መተረክ የሚጀምሩት ሜትሩን አንገትህ ላይ ካዞሩ በኋላ ነው፤ ወዴት ታመልጣለህ? ስፒል በከንፈራቸው ደርድረው እንኳ አያርፉም።

«አንድ ሽማግሌ አለ። ዕድሜ ልኩን ቤተሰቡን ሲዋሽ የኖረ። በስተርጅና እውነቱን ሊናገር ይነሳል... ሆድህን ወደ ውስጥ አትሳብ አንተ! እውነቱን እንለካ!»

እኔ የወሰድኩላቸው አንድ ሱሪ ነው፤ እግሩን እንዲያሳጥሩልኝ። በቀጠሮዬ ስመለስ ሱሪው ተጣጥፎ፣ በላዩ ፊልሙ ያለበት ፍላሽ ተቀምጦበት ጠበቀኝ። እጄን ስዘረጋ ፍላሹን ብቻ ሰጡኝ።

«ሱሪውስ ጋሼ?»

«ፊልሙን አይተህ ስትመጣ።»

እንዲህ ያለ ግፍ የት አገር ታይቷል! ልጮህ አፌን ከፈትኩና፣ እንደ ልማዴ፣ «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ለካ የሰፈሩ ግማሽ ልብሱ ታግቶበታል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ደንብ ልብስ በር ላይ ቆሟል። ሰው ታዲያ ምን አደረገ? ዋሸ። ስለ ሐቀኝነት የተሠራውን ፊልም ሳያይ፣ «አየሁት፣ አለቀስኩ» እያለ ልብሱን ለማስፈታት ተሰለፈ። ተራዬ ሲደርስ እኔም ዋሸሁ።

«ሽማግሌው የሴት ልጁን በር ሲያንኳኳ በእጁ ምን ይዟል?» አሉኝ ዓይናቸውን አጥብበው።

«አ... አበባ?»

«ጫማውን ነው! ጭቃ እንዳያስገባባት አውልቆ! ቀጣፊ!»

ሱሪዬ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ወጣ፤ ምስማሩ ላይ ዘወትር ከተሰቀለውና «የደንበኛ ነው» ከሚሉት ሰማያዊ ቀሚስ አጠገብ።

እየተቃጠልኩ ቤቴ ገብቼ ፊልሙን ከፈትኩት። ልስቅበት ነበር ሐሳቤ። ሽማግሌው ጫማውን ይዞ ደጃፉ ላይ ሲቆም ግን መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።

በማግስቱ ሮጬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አየሁት! ልጅቷ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያለችው...»

«እንዳትነግረኝ!» መቀሱን ጥለው ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። «መጨረሻውን አላየሁትም። በሩ ጋ ሲደርስ አጠፋዋለሁ።»

«እስካሁን ስንት ጊዜ አይተውታል?»

«አሥራ አንድ።»

ይሄን ሁሉ ሕዝብ ያስጨነቁት ፊልሙን ሳይጨርሱት ነው! ደሜ ፈላ።

ጥግ ላይ ቁልፍ የሚተክሉት ባለቤታቸው ቀና አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ንገረው እንጂ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሰማያዊውን ቀሚስ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። «የምን ደንበኛ? የልጃችን ነው። ለሠርጓ ሰፋላት። ከሙሽራው አባት ጋር ተኳርፎ፣ ‹ታምሜያለሁ› ብሎ ቀረ። አልታመመም። ይኸው ስድስት ዓመቱ፤ ልኳን እኔን መጠየቅ አፍሮ በየጊዜው በግምት ያሰፋዋል። ቤቷ እኮ ሁለት ፌርማታ ነው!»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ለካ ሰውዬው ሰፈሩን ሁሉ አስከትለው እዚያ ደጃፍ ላይ ቆመው ኖረዋል።

ድፍረት አልፈጠረብኝም፤ ግን ጠየቅኳቸው። «ታዲያ መቼ ነው የሚሄዱት ጋሼ?»

አፋቸው ስፒል ሞልቶት እንኳ ዝም የማይሉት ሰው፣ አፋቸው ባዶ ሆኖ ዝም አሉ። ሱሪዬን አውርደው ሰጡኝ። ከዚያ ሰማያዊውን ቀሚስ ከምስማሩ አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ካውያውን ሰኩ።