ሽማግሌ ያስቆመ ጎማ

ሰው ሲታመም ጠያቂው የሚመጣው እያመቸው ነው። መኪና ሲታመም ግን፣ እናንተዬ፣ ማንም ሳይጠራው ሰፈሩ በሙሉ ይደርሳል። ወንድ ሆኖ የተበላሸ መኪና ዝም ብሎ የሚያልፍ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። ቆም ይላል፣ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ምክሩን ያወርደዋል። ራሱ መኪና ይኑረው አይኑረው ማን ይጠይቀዋል? እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ግን በቀደም ለቡ መንገድ ዳር ቆሜ የሰማሁትን ምክር ሁሉ ብይዘው ኖሮ ዛሬ ጋራዥ በከፈትኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ሱራፌል ህሊና የምትባል ልጅ ወዷል። እኔም አይቻት ልቤ ገብታለች፤ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ ልጅ ናት። የቀረን ሽማግሌ ልከን አባቷን መጠየቅ ነበር። አባትየው ግን ኃይለኛ ነው። ለታላቅ እህቷ የሄዱትን ሽማግሎች «ሰዓት የማያከብር ልጅ ያከብራል?» ብሎ ከበር መልሷቸዋል የሚል ወሬ ደርሶን፣ ሱሬ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ሽማግሎቹ ወንድሜ ጋሽ ደምሴ፣ የኮንዶሚኒየም ጎረቤታችን ሐጂ ከድርና አንድ የሰፈር ሰው ነበሩ። ያ የሰፈር ሰው ጠዋት ላይ ወገቤን ብሎ ቀረ። ሁለት ሰው ለሽምግልና ሲሄድ ደግሞ ምን ያምራል? ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ሴት ሽማግሌ አትሆንም የሚል ካለ ወገቡን የታመመውን ሰውዬ ተሸክሞ ያምጣው ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሳሁ።

ሽማግሌ የላከ ልጅ እዚያ ቤት ደጅ አይታይም፤ ወጉ ነው። ሱሬ ግን ከጀሞ በሚኒባስ ተጋፍታችሁ፣ ጋቢያችሁ ተጨማዶ አትደርሱም ብሎ በመኪናው ጫነን። ከቤቱ አቅራቢያ ሊያወርደንና ሊሰወር ነው ስምምነታችን። ለቡ ደርሰን ኮብልስቶኑን ይዘን፣ ሕንፃ የሚሠራበትን አለፍ እንዳልን፣ የሠራተኞቹ ሚስማር ነው መሰል ጎማችንን ወጋው። ቱሽ! የልጅቷ ቤት ሰማያዊ በር ከፊታችን ይታያል።

ሱሬ አልደነገጠም። «ምንም አይደል እምዬ፣ አሁኑኑ በስኮርታው እቀይረዋለሁ» አለ። መኪናውን በክሪክ አነሳ፣ ዳዶዎቹን ሁሉ ፈታ፣ እሰይ አልን። ከዚያ ጎማውን ቢስበው ወይ ፍንክች! ይዞት የቆየው ብረት ሁሉ ተፈትቷል፤ ታዲያ አሁን ምን ይዞት ነው? ለካ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ያ ጎማ ወልቆ አያውቅም፤ ቸርኬው ከውስጠኛው ብረት ጋር ዝጎ ተጣብቋል። ሁሉን ፈተውለት እንኳን እንዲህ የማይላቀቅ ትዳር ለልጆቼ ይስጥልኝ ብዬ እዚያው መረቅሁ።

ወዲያው አማካሪው መጣ። አንዱ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት አለ። ሌላው ለስላሳ ነው እንጂ አለ። ውሃና ለስላሳ ሲከራከሩ ሰዓቱ ይነጉዳል። ጋሽ ደምሴ ትዕግሥቱ አለቀና ጋቢውን ለሐጂ አስይዞ ጎማውን አንቆ ሳበው። ጎማው ባለበት ቀረ፣ እሱ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ሐጂም ከት ብለው ሳቁና «አንተ ደምሴ፣ ሽማግሌ ሳይፈቀድለት ይቀመጣል እንዴ? ገና ቤቱ ሳንደርስ?» አሉት።

ይሄኔ ሰማያዊው በር ተከፈተ። አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ በነጠላ ጫማ ብቅ አለ። ሱሬ «አባቷ!» ብሎ እንደ ድመት መኪናው ሥር ገባ። ፎቶዬን ሳያሳዩት አይቀሩም ብሎ ፈርቷል።

ሰውዬው መጥቶ ሰላም አለን። እንግዶች ቀጥሮ መንገድ መንገድ ሊያይ እንደ ወጣ፣ ሰዎቹም እንዳረፈዱበት ምርር ብሎ ነገረን። እኛስ ለምን አብረነው አናዝን? «አይ የዛሬ ሰው!» አልን። ነጭ በነጭ ለብሰን፣ አሮጊት ይዘን ሲያየን «ለቅሶ ነው የምትሄዱት?» አለ። ጋሽ ደምሴ ምን ይበል? «እንደዚያው ነው» አለ። ሐጂ ሳል ያዛቸው።

ሰውዬው ጎማውን አየና ተቆጣ። «የማን መኪና ነው እናንተዬ? ጎማውን እንዲህ እስኪዝግ የተወ ሰው! እኔ ብሆን ለእንዲህ ያለ ሰው እንኳን ልጅ፣ ድመትም አልሰጥ!» መኪናው ሥር የሆነ ነገር ሲቃትት ሰማሁ። ሰውዬው ይህን ብሎ ጎማውን በእርግጫ ሊመታ እግሩን አነሳ። ወጉም፣ መደበቁም ከአእምሮዬ ጠፋ። «ተው! ልጄ ከሥር ነው! የልጅ ልጄ!» ብዬ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

ሱሬ ወጣ። ፊቱ ግራሶ ብቻ ሆኗል፤ እኔ አያቱ እንኳን የለየሁት በጥርሱ ነው። «አንተ መካኒክ» አለው ሰውዬው፣ «ክሪክ ላይ በቆመ መኪና ሥር ይተኛል? አያትህን ልትገድላት ነው?» ከዚያ በቃ አዛዥ ሆነ። ዳዶዎቹ ላላ ተደርገው ተመለሱ፣ ክሪኩ ወረደ፣ እኛ ክብደት እንድንሆን ከኋላ ተጫንን። ሱሬ ትንሽ ወደ ፊት ነድቶ ፍሬን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ነድቶ ፍሬን ይላል፤ ሐጂ በእኔ ላይ፣ እኔ በጋሽ ደምሴ ላይ። ሰውዬው ከኋላ እየገፋ «በለው!» ይላል። በመጨረሻ ጓ! አለ። እንደገና በክሪክ ሲነሳ ጎማው በእጅ ሲነኩት ወለቀ። ስኮርታው ሲታሰር ሰውዬው እጁ እንደ ጠቆረ «በሉ፣ እንግዶቼ ይመጡብኛል» ብሎ ወደ ቤቱ ሮጠ።

እኛም ጥቂት ቆይተን፣ ነጠላችንን አራግፈን፣ ተከትለነው ሄደን አንኳኳን።

በሩን ከፍቶ ሲያየን አፉ አልዘጋ አለው። ገብተን እንደ ወጉ ቆምን፤ ጋሽ ደምሴ «ልጅዎን ለልጃችን…» ሲል እጁን ዘረጋ፤ ጥቁር ነው። ሰውዬው ያንን እጅ አየ፣ የራሱን አየ። «ለቅሶ ነው አላላችሁኝም?» አለ። ሐጂ ከድር አንገታቸውን ደፍተው «ከከለከሉንማ ለቅሶ ነው» አሉ።

ሰውዬው በሳቅ ወንበር ላይ ወደቀ። «ለካ ያ ጎማ ለእኔ ነው ይከራከርልኝ የነበረው! እኔው በገዛ እጄ ነቀልኩት!» ሚስቱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን ፊቱን ሰበሰበ። በመጀመሪያ ቀን ልጅ ተሰጥቶ አያውቅም። ዘመድ ይማከራል፣ መልሱን በሁለት ሳምንት ስትመጡ ትሰማላችሁ አለን። አስቀመጡን፣ አበሉን፣ አጠጡን።

ስንወጣ እስከ መኪናው ሸኘን። ሱሬ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ፊቱን እንኳን ሳይታጠብ ይጠብቃል። ሰውዬው መስኮቱን ኳ ኳ አደረገ። «አንተ መካኒክ! ዳዶውን ደግመህ አጥብቅ። ልጄ የምትሄድበት መኪና ነው።»

እንግዲህ መልሱን የምንሰማው በሁለት ሳምንት ነው፤ ሰው ይበለን። ወግ ወግ ነው፤ እኔ እስከዚያ ምንም የሰማሁት ነገር የለም።