የዕጣ ሊቁ አያ እንኳየሁ

ጎንደር ውስጥ ሎተሪ የማይቆርጥ ሰው ይገኛል። ሎተሪ እንዴት እንደሚቆረጥ የሚያስተምር ሰው የሌለበት ሰፈር ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ቆርጦ አንድም ቀን አልደረሰውም። ሆኖም ስለ ዕጣ ሲናገር ብትሰሙት፣ የዕጣው ኳሶች መሽከርከር የሚጀምሩት እርሱን አስፈቅደው ይመስላችኋል። የደረሰው ሰው ምንም አያውቅም፤ "ዕድል ነው" ብሎ ዝም ይላል። ዕውቀቱ በሙሉ የተከማቸው ያልደረሰው ዘንድ ነው።

የእኛ የአራዳ ሰፈሩ ሊቅ አያ እንኳየሁ ይባላሉ። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ሱቃቸው ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጋር ግድግዳ ይጋራል። የኮሶዬ ደጋ ሰው ናቸው። ወደ ከተማ ከወረዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ አነጋገራቸው ግን አብሯቸው አልወረደም። ጎረቤቶቻቸው ተመካክረን "ሊቀ ዕጣ" የሚል ማዕረግ ሰጥተናቸዋል። ሹፈት መሆኑን አላጡትም፤ ሲጠሩበት ግን "አቤት" ይላሉ።

በሊቀ ዕጣ ትምህርት መሠረት ቁጥሮች እንደ ሰው ናቸው። ባለፈው ዕጣ የወጣ ቁጥር ደክሞታልና ለጊዜው ይረፍ። ብዙ ጊዜ ሳይወጣ የከረመ ቁጥር ደግሞ "የቆየ" ይባላል፤ እርሱ አይታለፍም። አራት፣ አምስትና ስድስት ተከታትለው የተቀመጡበት ትኬት ካዩ "ይኼማ ሰልፍ ነው እንጂ ዕጣ ነው?" ብለው ይመልሱታል። በሰባት የሚያልቅ ትኬት ማክሰኞ አይቆረጥም። ምክንያቱን ጠይቄ አስረድተውኛል፤ መልሼ ማስረዳት ግን አልችልም።

ሎተሪ አዟሪው የሺዋስ እርሳቸው ሱቅ ከገባ ግማሽ ቀኑ እንደሄደ ያውቀዋል። ትኬቶቹን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ያስዘረጉትና በመቀስ ጫፍ እየነኩ ይመረምራሉ።

"ምነው የሺዋስ፣ የቆዩትን ለማን ደብቀህ ነው?"

"አያ፣ ሁሉም አዲስ ነው። ትናንት ነው የመጣው።"

"ትኬቱን መች አልኩህ? ቁጥሩን ነው።"

ሲያሰሉ ወረቀት የማኘክ ልማድ አለባቸው። ያልደረሰ ትኬት ይሁን፣ ደረሰኝ ይሁን፣ የደንበኛ ልክ የተጻፈበት ብጣሽ ይሁን፣ እጃቸው የገባውን ወደ አፍ ነው። አንድ ጊዜ የእኔን የሱሪ ልክ በልተውት፣ ሱሪው ተሰፍቶ ሲያልቅ ለታናሽ ወንድሜ ሆነ።

አንድ ቀን በራሴ ምርጫ አንዲት ትኬት ቆርጬ አሳየኋቸው። አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይኼ ቁጥር ገና አልበሰለም" ብለው አስመለሱኝ። ዕጣው ሲወጣ ያቺ ያስመለሱኝ ትኬት ማስተዛዘኛ ዕጣ ደረሳት። የወጡትን ቁጥሮች ዝርዝር ይዤ ልወቅሳቸው ሄድኩ።

"ሒሳቡ ልክ ነበር" አሉኝ ሳይደነግጡ። "የተሳሳተው ዕጣው ነው።"

የሒሳብ መምህርቷ ፍሬሰላም ቀሚሷን ልታሳጥር መጥታ ይህን ትምህርት ሰማችና አላስችል አላት። "አያ እንኳየሁ፣ ኳሷ እኮ ባለፈው ሳምንት ምን እንደወጣ አታስታውስም። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የምትጀምረው" አለቻቸው። ሊቀ ዕጣ የያዙትን መርፌ አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ኳስ ሆነሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ አታስታውስም ብለሽ በምን ማልሽ?"

መምህርቷ ቀሚሷን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የምታሰፋው ሌላ ቦታ ነው።

በተቃራኒው ጨርቅ ነጋዴው ዐብደላ ከዚህ ትምህርት ቀርቶ አያውቅም። ሎተሪ ሐራም ስለሆነበት ትኬት በእጁ አይነካም። "መስማቱስ አይከለከልም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "የአያን ምክር ሰምቶ ያገኘ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቁማር ሊባል አይችልም" አለኝ።

የረድፋችን ሱቆች እቁብ አለን። እሑድ ከሰዓት እኔ መደብር እንሰበሰባለን፤ ዳኛው ዐብደላ፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ስማችን የተጻፈባቸው ጥቅል ወረቀቶች አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አሉ። ተረኛው እጁን ይሰድና አንዱን አውጥቶ ያነባል። ሊቀ ዕጣ እቁብን ይንቁታል። "ሁሉም የሚደርሰው ከሆነ ምኑን ዕጣ ሆነ?" ይላሉ።

ዱሮ የቸገረው ሰው ዕጣውን በልመና ይወስድ ነበር። አምና ግን ችግረኛው በዛ፤ የአንዱ ነጋዴ አክስት በአንድ ዓመት ሦስቴ ሞተች። በዚህ የተነሣ ዳኛችን አጭር ሕግ ደነገገ፦ ችግር ከደጅ ይቀራል፣ ጣሳው ያለው ይሆናል።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ያ ሕግ ጨከነ። የአያ እንኳየሁ ቤት ጣራ ተበሳስቶ ክረምቱ ሳይከፋ ቆርቆሮው መቀየር ነበረበት። እንዲያ የሚንቁትን እቁብ በጉጉት ይጠብቁት ጀመር። ከእኛ ሱቅ ማዶ ፉል ቤት ያላት እቁብተኛችን ዝናሽ ደግሞ የባሰ ነገር መጣባት። አከራይዋ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ እስከ ማክሰኞ ካልከፈልሽ ውጪ አላት። እርሷ ለማንም አልተናገረችም፤ የሰማነው ከአከራይዋ ነው። እሑድ ዕለት እቁቧን ከፍላ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሕጉን ስለምታውቅ አልለመነችም፤ ጣቶቿ ግን የነጠላዋን ጫፍ ሲፈትሉ ነበር። ሁላችንም እያየን ሌላ ሌላ ወሬ አወራን፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የማውጣት ተራው የሊቀ ዕጣ ነበር። እጃቸውን ጣሳው ውስጥ ከትተው ለረጅም ጊዜ አማሰሉ፤ እያማሰሉም አስተማሩን። በመጨረሻ አንዷን አወጡ። ፈትተው አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አዩ።

"ዝናሽ" አሉ። ወረቀቷንም አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

"ምነው አያ፣ የእቁቡን ዕጣ እኮ ነው የሚበሉት" አላቸው ዐብደላ።

"ልማድ ነው፣ ይቅር በለኝ" አሉ እያኘኩ።

ዝናሽ እያለቀሰች መጥታ ትከሻቸውን ሳመች። እርሳቸው ግን ለዕንባ ጊዜ አልነበራቸውም። ሊቀ ዕጣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራ ስሌት አግኝተዋልና እስኪመሽ አብራሩልን። ስሟ አጭር ነው፤ አጭር ስም ቀለም አይበዛበትም፤ ቀለም ያልበዛበት ወረቀት ይቀላል፤ የቀለለ ደግሞ ወደ እጅ ይመጣል። "ከትናንት ጀምሬ አውቄዋለሁ" አሉ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ የቀሩትን ዕጣዎች አይቶ ጣሳውን ማሸግ የጸሐፊው ሥራ ነው። አንድ በአንድ ፈታኋቸው። የዝናሽ ስም እዚያው አለ። የአያ እንኳየሁ የለም።

ጣሳውን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ይህን ያህል ዘመን ስቄባቸዋለሁ። ለካ እርሳቸው የጣራቸውን ቆርቆሮ ነበር ያኘኩት። የቁጥር ሊቅነታቸው ደግሞ እዚህ ላይ ጥሏቸዋል፤ የዝናሽ ስም አንድ እሑድ ዳግመኛ ሲወጣ ጉዱ እንደሚፈላ አላሰሉትም። የእርሷን ወረቀት ቀደድኩና በሌላ ብጣሽ "እንኳየሁ" ብዬ ጽፌ ጣሳው ውስጥ ጨመርኩ። ለዳኛው አልነገርኩም። ሕግ አፍራሾቹ ሁለት ሆንን ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ስማቸው እንዲወጣ ስጸልይ ከረምኩ። አልወጣም። ክረምቱ ግን በቀጠሮው መጣ።

ሐምሌ ላይ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ሁለት ቀን ቢሆናቸው ቤታቸው ሄድኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ወለሉ በሳፋ፣ በድስትና በጣሳ ተሞልቷል፤ እርሳቸው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ዝናሽ የላከችላቸውን ፉል ጉልበታቸው ላይ በክዳን ሸፍነው፣ ጣራውን ያጠናሉ።

"ግባ ቢሻው። ቀጣዩ ጠብታ በዚያ ሳፋ ነው።"

ጠብታው ድስቱ ውስጥ ወረደ። እርሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ጥናታቸውን ቀጠሉ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

"አያ፣ ስምዎ ጣሳው ውስጥ አለ። እኔ ነኝ የመለስኩት።"

ለአፍታ ዐይናቸውን ከጣራው አውርደው አዩኝ። "ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

"ሸጋ። እንዳትናገር። ሰው ከሰማ ሒሳቤን ይጠራጠራል።"

ከዚያ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። "እዚህ ጋ ተቀመጥ። እዚህ ጠብታ አይደርስም፤ አስልቼዋለሁ።"

ተቀመጥኩ። ገና ሳልደላደል አንገቴ ላይ ጠብ አለ፣ ደገመ፣ ሦስተኛውም ተከተለ።

"ነካህ እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ ደረቅ ነው" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ክዳኑን ከፍተው ፉሉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፤ ውሃው በጀርባዬ እየወረደ አብረን በላን።