ለወሬ የተመረጠ ሰፈር

አንባቢዬ፣ መንገደኛ ማደሪያ ሰፈር የሚመርጠው ለምን ይመስልዎታል? ለእንቅልፍ? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ ግን የሚመርጠው አገሩ ተመልሶ ለሚያወራው ወሬ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ በቀለ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከድሬዳዋ እመጣለሁ ብሎ ቢልክባት፣ እናቴ አልጋዬን ለእሱ አሰናድታ፣ እኔን መሬት አውርዳ፣ ከፋብሪካ የወጡ ጎረቤቶቿን አስከትላ አቃቂ ጣቢያ ድረስ ወጣች። ባቡሩ ቆመ። ጋሽ በቀለ ግን በመስኮት አንገቱን ብቻ ብቅ አደረገ።

«ፒያሳ ነው የማርፈው፣ እትዬ። አቃቂ አደርኩ ብል ድሬዳዋ ማን አዲስ አበባ ገባ ይለኛል?»

«አልጋው ተነጥፏል እኮ!»

መልሱን ባቡሩ ሰጣት፤ ጮኾ ወደ ለገሃር ሄደ። ጎረቤቶቻችን ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ግን ማንም ሳይጠይቃት፣ «ሥራ በዝቶበት ነው» አለች።

በሚመለስበት ቀን ድፎ ዳቦ ደፍታ እንደገና ጣቢያ ይዛኝ ሄደች። ጋሽ በቀለ ገና ሲያየን ጭንቅላቱን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ልትነካው እጇን ስታነሳ እናቴ ከለከለቻት።

«ተይው እህቴ፣ አትቀስቅሺው። ፒያሳ ሰው አያስተኛም አሉ።»

ዳቦውን በመስኮት አቀበለቻት፤ ሴትዮዋም ጭኑ ላይ አኖረችለት። ትኩስ ነበር። ጋሽ በቀለ ላብ በላብ ሆነ፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም። ባቡሩ ሲነሳ እናቴ ለተኛው ወንድሟ እጇን ታውለበልብ ነበር።