በሰዓት የተመዘነ ሙሽራ

ሰው ሰውን የሚመዝንበት ሚዛን አጥቶ አያውቅም። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ልጅ ሊያገባ የመጣን ጎረምሳ ተረከዙን ነበር የምታየው፤ ተረከዙ ያልተሰነጠቀ ወንድ መሬት አያውቀውም ባይ ነበረች። አማቴ ደግሞ እህል አቅርባ አጎራረሱን ትሰልላለች፤ በሁለት ጣቱ የሚቆነጥር በሥራም ይቆነጥራል ትላለች። አንዲት ጎረቤታችን ውሻዋን ትለቅበታለች፤ ውሻዋ የጮኸችበት አበቃለት፣ ጭራዋን የቆላችለት ልጅ ይዳርለታል። በዚህ ሚዛን ያገኘቻቸው ሁለት አማቾች ሁለቱም ሥጋ ሻጮች ናቸው።

እኔ ግን ዘመናዊ ነኝ። እኔ የመዘንኩት በሰዓት ነው።

ቆይ፣ አትሳቁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ሰዓት ማንበብ ላይ ግን ማንም አይደርስብኝ። ሰዓት ወደ ቤታችን እንዴት እንደ ገባ ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱኝ።

አብዮቱ ስብሰባ ይወዳል። ስብሰባ ደግሞ ሰዓት ይወዳል። እኛ ከሚሴዎች ቀድሞ ጥላችንን አይተን፣ አዛን ሰምተን ነበር የምንኖረው፤ ቀበሌ ግን በጥላ የመጣን ሰው ይቀጣል። እናም ወንዱ ሁሉ ሰዓት ሰዓት ማለት ጀመረ። ይህን የሰሙ ከአፋር በኩል ሸቀጥ ይዘው የሚወጡ ነጋዴዎች ሰንበቴ ገበያ ላይ አንድ ዓይነት ሰዓት አፈሰሱ። የሀብታም ወርቅ አይምሰላችሁ፤ አንድ ሙክት እየነዳ የሄደ ሰው አስሮት የሚመለስ ነው። ፊቱ ሰማያዊ ነው። የብረት ማሰሪያው ከሰዓቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ ሰዓቱ የት አልቆ ማሰሪያው የት እንደ ጀመረ አይታወቅም፣ እንደ ዓሣ ልሙጥ ብሎ ይወርዳል። ቆዳ ልግጠምበት ብትሉ አይገጥምም። በትንሽዬ መስኮት የቀኑ ስም በዓረብኛ ብቅ ይላል። ከሁሉ የገረመን ደግሞ አይሞላም! እንደ ሌላው ሰዓት ጆሮውን ጠዋት ጠዋት አትጠመዝዙትም። ራሱን በራሱ ያኖራል፤ አጃኢብ ነው!

ባለቤቴ አባ ሰዒድ የሚያሳድገውን ሙክት ነድቶ ሄደ፣ ሰዓት አስሮ መጣ። ፊናንሶች ኬላው ላይ እንዳይወርሱት እጅጌውን እስከ ጥፍሩ ያወርዳል፤ ኬላውን ሲያልፍ እስከ ክርኑ ይሰበስባል። አንድ ሳምንት ከሚሴ ውስጥ ያለ እሱ ክንድ ወሬ አልነበረም። በሳምንቱ ሰዓቱ ቆመ።

«ተሸወድኩ! ሙክቴን በቆርቆሮ ለወጥኩ!» አለ። ተያይዘን አስፋልቱ ዳር ወደሚቀመጠው ሰዓት ሠሪ ሄድን። ሰውዬው ከፍቶ አየው፣ ነቀነቀው፣ ሰዓቱ ሄደ።

«አባ፣ ጤነኛ ነው። በውስጡ የሚወዛወዝ ብረት አለ፤ ክንድዎ ሲንቀሳቀስ እሱ ይሞላዋል። ክንድዎ ዝም ካለ ግን እሱም ዝም ይላል» አለው።

እኔ እዚያው ክው አልኩ። እናንተዬ! አባ ሰዒድ ከቀትሩ ዙሁር እስከ ምሽቱ መግሪብ ጫት ይዞ ትራስ ተደግፎ የሚውል ሰው ነው፤ ስንት ሽማግሌ ፊት «ይሄ ሰው አይሠራም» ብዬ ከስሼ ምስክር አጥቼ ተመልሻለሁ። አሁን ምስክሩን ራሱ ገዝቶ፣ በገዛ ክንዱ ላይ አስሮ መጣልኝ! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ሲገባ ሰላምታዬ «ክንድህን» ሆነ። ሰዓቱ ከሄደ ራት አለ። ሰዓቱ ከቆመ ራቱም ይቆማል።

ብዙም አልቆየ፣ ሰዓቱ መቆሙን ተወ። «ማሽላውን ሳርም ዋልኩ» ይለኛል፤ ክንዱን አያለሁ፣ ሰዓቱ ትክ ትክ ይላል። ማሻ አላህ! ሽማግሌ ያላቀናውን ሰው ብረት አቀናው ብዬ ለመንደሩ ሴት ሁሉ አወራሁ። ቤታቸው ሰነፍ ያለባቸው ሴቶች ሁሉ ሙክት ማድለብ ጀመሩ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ለዘይነባ ሽማግሌ የመጣው። ዘይነባ የወንድሜ ልጅ ናት፤ አባትና እናቷ ሞተው እኔው ጉያ ያደገች፣ «አዳዳ» ብላ ስትጠራኝ አንጀቴ የሚላወስ። አዳዳ ማለት በኦሮምኛችን የአባት እህት ናት፤ ለእሷ ግን አባትም እናትም እኔው ነኝ፤ ትዳሯም ያለው እኔ አፍ ላይ ነው። ጠያቂው ጨፋ ሸለቆ የሚያርስ ሁሴን የሚባል ልጅ ነው። ገበያ ለገበያ ተያይተው ልቧ እንደ ወደደው አውቃለሁ፤ የልጅ ልብ ግን ሚዛን አይደለም። «ልጁን በዓይኔ ሳላይ መልስ የለኝም» አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ከአጎቱ ጋር መጣ። ሸራ ጫማ አድርጎ፣ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ መደብ ጫፍ ላይ ኩስስ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ መሬት ነው። ግራ እጁን ለሰላምታ ድጋፍ ሲያወጣ ምን ብልጭ ቢል ጥሩ ነው? ያው ሰዓት! ሰማያዊው! ልቤ ዘለለ፤ ሚዛኔን ራሱ ይዞልኝ መጣ።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አልኩት በማር አፌ።

ልጁ ክንዱን አየና ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አባ ሰዒድ አንገቱን አስግጎ መስኮቷን አነበበ።

«ይሄማ ሰኞ ይላል!»

ያ ረቢ! ዛሬ ሐሙስ ነው። ይሄ ሰው ከሰኞ ጀምሮ ክንዱን አላነሳም ማለት ነው! አባ ሰዒድ እንኳ በክፉ ጊዜው ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ አያውቅም።

«ለምን ቆመ ልጄ?»

«ሥራ በዝቶ ነው» አለ፣ ለራሱ በማይሰማ ድምፅ።

አባ ሰዒድ እስኪያስለው ሳቀ። «ሥራ ሲበዛ የሚቆም ሰዓት! ይኸው የኔን እይ!» አለና ክንዱን እንደ ባንዲራ ሰቀለ። የሱ ሐሙስ ይላል፤ ደቂቃው እንኳ አልተዛነፈም። እንግዶቹ ሲወጡም ወደኔ ዞሮ እንደ ቃዲ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰው ይዋሻል ከድጃ። ሰዓት አይዋሽም።»

ዘይነባ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

«አዳዳ፣ አንቺ ያየሽው ሰዓቱን ነው። እሱን አላየሽውም።»

«አይቼዋለሁ! ሰኞ ነው!»

«እንግዲያው ሌላም እንዳታመጪብኝ። እዚሁ አርጅቼ እቀበራለሁ።»

ራቷንም ሳትበላ ተኛች፤ በማግስቱም፣ በማግስቱም እንደዚያው። እኔ ጸናሁ። የሚበላኝ ለእሷ ነዋ! ከሚቆም ሰው ጋር መኖር ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? የመልሱ ቀን አርብ ነው። ሽማግሌ ሰው ፊት እፍረት ከሚከናነብ፣ እኔው ቀድሜ ለእናቱ በጆሮዋ «አይሆንም» ልበላት ብዬ ረቡዕ የጨፋ ሮቢት ገበያን ሰበብ አድርጌ ተነሳሁ።

እናትዬው «አካም ጅርታ!» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ፤ ክፉ ነገር ልትናገሪ መጥተሽ ሰው እንዲህ ሲስምሽ ምላስ ይተሳሰራል። «ሁሴን የታለ?» አልኳት። «ማሳ ነዋ። ውሃው ማሽላውን ሊበላብን ነው፣ ቦይ ይቆፍራል» አለችኝ። ለሱው ልንገረው ብዬ ወረድኩ።

ማሳው ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቱን ነው። ግራር ላይ ተንጠልጥሎ በፀሐይ ያብለጨልጫል። አይ ጉድ፣ ጭራሽ ክንዱ ላይ እንኳ ማሰር ሰልችቶታል አልኩ። ሰውስ የታለ ብዬ ስዞር ቦዩ ውስጥ አንድ የጭቃ ክምር ተንቀሳቀሰ። ክምሩ ቀና አለ። ክምሩ «አሰላሙ አለይኩም» አለኝ። ሁሴን ነው!

«ወአለይኩም ሰላም... ምነው ልጄ፣ ሰዓትህን ግራር አሰረችልህ?»

«ጭቃ እንዳይገባበት ነው አዳዳ። ማሰሪያው ደግሞ ከሱ ጋር አንድ አካል ነው፤ አንዷ ዘለላ በዶማ ተመታ ብትረግፍ ቆዳ አልገጥምበት፣ ሌላ አልለውጥበት። ስለዚህ ስሠራ እሰቅለዋለሁ።»

«ስትጨርስስ?»

«መች አለቀና?»

«ካላሰርከው ታዲያ ለምን ገዛኸው?»

ጭቃው ውስጥ ሆኖ አፈረ። «እናንተ ቤት ባዶ ክንዴን እንዳልቀርብ ብዬ ነዋ» አለ።

ከቦዩ ሊወጣልኝ ሲሞክር ተረከዙን አየሁት። እናቴ ሆይ! የድርቅ መሬት እንኳ እንደዚያ አልተሰነጠቀም። «ሥራ በዝቶ ነው» ያለን ለካ እውነቱን ነው! ከከሚሴ ይዤው የመጣሁትን «አይሆንም» ከምራቄ ጋር ዋጥኩት።

«አርብ ሽማግሌዎቹ ይምጡ። አንተም ና። ደግሞ ሸራ ጫማውን አውልቀህ ና!»

ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ። እኔም እየሳቅኩ፣ እየደነገጥኩ፣ አስተግፊሩላህ እያልኩ ወደ ከተማዬ ተመለስኩ።

ድንጋጤ ግን ብቻውን አይመጣም። ከከተማው ዳር የኛው ማሽላ አለ፤ «ሳርም ዋልኩ» የሚባልለት። የደከመ ሰው እጅ ሥራ ልይና ልቤ ይረፍ ብዬ ጎራ አልኩ። ልቤ አላረፈም። አረሙ ማሽላውን ውጦታል! በመሐሉ ቀዩ ወጠጤያችን እየዘለለ የተረፈውን ይቀነጥሳል፤ አንገቱን በወዘወዘ ቁጥር አንድ ነገር ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። ተጠጋሁ። ሲባጎ ነው። ሲባጎው ላይ ምን አለ? ሰዓት! የአባ ሰዒድ ሰዓት፣ ማሰሪያው እንደ ተቆለፈ፣ በፍየል አንገት እንደ ቃጭል!

እኔ ማታ ማታ ራት ያቀረብኩት ለካ ለፍየሉ ድካም ነው። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ሲባል ስሰማ ነገሩ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ወጠጤውን በሲባጎው ጎትቼ ጫት የሚቀመጡበት ቤት ደጃፍ ወሰድኩት። አባ ሰዒድ ትራሱን ተደግፎ ከጓደኞቹ መሐል ጉብ ብሏል።

«አባ ሰዒድ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ባዶ ክንዱን አየ። ከዚያ ፍየሉን አየ። ጓደኞቹም ፍየሉን አዩ። ፍየሉ ብቻ ነው ያላፈረው፤ «ምእእ» አለ። እኔ ይሄ ሰው አሁን መሬት ትዋጠኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ አባ ሰዒድ ሌላ ቅጠል ቀነጠሰና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሰዓቱ የሚፈልገው እንቅስቃሴ ነው ተባልን። ታዲያ ፍየሉስ የኔ አይደለም?»

ጓደኞቹ «እውነት ነው፣ የሱ ነው» ብለው መሰከሩለት። እኔ ዛሬም ምስክር አጥቼ ተመለስኩ።

ዘይነባ ግን ተዳረች፣ አልሐምዱሊላህ። ለሰርጓ የሚታረድ ሲመረጥ አባ ሰዒድ «በጎቹን ሁሉ ውሰዱ፣ ቀዩን ወጠጤ ብቻ ተዉልኝ» ብሎ ሰው ፊት ለመነ። ያን ያህል የሚወደው ከሆነ ጣፋጭ ነው ማለት ነው ብዬ ቅዳሜ አሳረድኩት። ሰኞ ረፋድ ላይ ሰዓታችን ቀጥ አለ። ሌላ ፍየል ይገዛ እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ እኔ ደግሞ ክንድህስ እለዋለሁ።

ለኢድ ሙሽሮቹ ሊጠይቁን ሲመጡ ሁለቱን ሰዓቶች መደቡ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሁለቱም ቆመዋል። ሁለቱም ሰኞ ይላሉ። አንደኛው ባለቤቱ ስለሚሠራ የቆመ ነው፣ ሌላው ባለቤቱ ስለማይሠራ፤ ፊታቸውን ብታዩ ግን መንትያ ናቸው፤ እኔ ራሴ፣ ሰዓት አዋቂዋ፣ በዓይኔ አልለያቸውም። የትኛው የማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ማሰሪያቸውን አንሥቶ ማሽተት አለበት።

የኛው ፍየል ፍየል ይላል።