በበሬው ቦታ የወጡት አያ ቢተው

የገጠር ሰው ፎቶ ሲነሣ ለምን እንደሚኮሳተር ገብቷችሁ ያውቃል? አሁን ሲስቅ የነበረ ሰው ስልክ ሲደቀንበት ዳኛ ፊት የቀረበ ይመስላል። ይህን ለማጥናት ጊዜ ያገኘሁት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ካለችው ኮፒ ቤቴ ቁጭ ብዬ የተኮሳተረ ፊት ብቻ ስመለከት ሰነበትኩ። የምፈልገው ግን በሬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል። ቅንጃ ይባላል። ሁለቱ በሬዎች አብረው ይጠመዳሉ፤ አንድ ቀን የአንዱ፣ አንድ ቀን የሌላው ማሳ ይታረሳል። እኔም አሰብኩ። እኔ ማሰብ ስጀምር ቤተሰቤ ይሰጋል፤ እውነታቸውን ነው። ገበሬው ለገበያ ሲመጣ የበሬውን ፎቶ በስልክ ቢያመጣልኝ፣ እኔ ድረ ገጽ ላይ ብጭነው፣ እስከ ጅጋ ያለ ሰው ስልኩን ከፍቶ ቅንጃውን ቢመርጥስ? ሠራሁት። ፎቶው ሲጫን ሰርቨሩ ላይ ያለ ፕሮግራም ራሱ ያሳንሰዋል፣ ራሱ ቆርጦ ያስተካክለዋል፣ ራሱ ገጹ ላይ ያወጣዋል። እኔ ሻይ እጠጣለሁ። ቡሬ ሄጄ አንድ ግርማ ያለው ቀይ በሬ አነሣሁና ሞከርኩት፤ ቀንዱም ጭራውም ሳይጎድል ወጣ። ያን ቀን እንደኔ የጎረረ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ አያ ቢተው ናቸው። ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ በግንቦት ሞተባቸው። በመንደራቸው ያለው ሰው ሁሉ ቀድሞ ተቀናጅቷል። ሰኔ እየገባ ነው፤ መሬታቸው ገና አንድ ጊዜ እንኳ አልታረሰም። ካልታረሰ ምን ይዘራሉ? ካልዘሩስ ዓመቱን ምን ይበላሉ? የእህታቸው ባል ያነሣላቸውን ፎቶ ተቀብዬ ጫንኩላቸው።

ገጹ ላይ የወጡት ግን ራሳቸው አያ ቢተው ናቸው። ባርኔጣቸው አለ፣ ጋቢያቸው አለ፣ በሬው የለም። ከሥር እኔው የጻፍኩት ጽሑፍ ተቀምጧል፤ «ዕድሜው ሰባት፣ በግራ መጠመድ የለመደ፣ የማይዋጋ፣ ጥርሱ ያልረገፈ። ቅንጃ ይፈልጋል።»

እስከ ጅጋ ድረስ ተሳቀ። ገበያ ላይ ሰዉ አያ ቢተውን አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸውን እንዲያሳዩት ይለምናቸው ጀመር። እሳቸውም መጥተው ከኮፒ ቤቴ ደጃፍ ቆሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አንት ልጅ፣ እኔ እኮ ስድሳ አምስት አልፎኛል። ሰባት ዓመቱ ስትለኝ ደስ ይለኛል። ግን ዝናቡ መጣ፤ በሬዬን አሳይልኝ» አሉኝ።

«ነገ ይስተካከላል አያ፣ አይስጉ» አልኳቸው።

ነገ ያልኩት አራት ቀን ሆነ። መጀመሪያ ስልኩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ኔትወርኩን፤ እኛ ጋ ኔትወርክ የማይታማበት ነገር የለም። ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁ። ቦታ ጠቦት ይሆናል ብዬ እዚያው ያስቀመጥኳቸውን የራሴን የሠርግ ፎቶዎች አጠፋሁ፤ ይህን ባለቤቴ እስካሁን አልሰማችም። ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል ሳነበው በየመስመሩ «ተሳክቷል፣ ተሳክቷል» ይላል። ምኑ ነው የተሳካው? በአራተኛው ቀን ከመቆረጣቸው በፊት የነበሩትን ፎቶዎች ከፈትኩ። በሬው አለ፤ ሙሉ በሬ። አያ ቢተው አጠገቡ ገመዱን ይዘው ቆመዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጡትን የሌሎቹን ባለ በሬዎች ፎቶም አየሁ፤ ሁሉም እንደዚያው ነው። ለካ የእኛ ገበሬ በሬውን ብቻውን አቁሞ አያስነሣም። የሰው ዐይን እንዳይገባበት ይሁን፣ ባለቤት እንዳለው ለማሳየት፣ ከጎኑ ይቆማል። እኔ የሞከርኩበት የቡሬው በሬ ግን ብቻውን ነበር።

የቀረው ያሳፍራል። ያን ፎቶ ቆራጭ ፕሮግራም ያመጣሁት ካቻምና ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መታወቂያ ከሠራሁበት ነው። ሥራው የሰው ፊት ፈልጎ ዙሪያውን መቁረጥ ነው። ፊት ካላገኘ ፎቶውን እንዳለ ይተወዋል። ምስኪን፣ የታዘዘውን ነበር የሚሠራው። ያዘዝኩት እኔ፣ ስሰድበው የሰነበትኩትም እኔ።

በንዴት ፕሮግራሙን ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም። በሬዎቹ ከቀንድ እስከ ጭራ ወጡ፤ ባለቤቶቹ ከጎን ቢቆሙም በትንሿ ፎቶ ፊታቸው አይለይም። አያ ቢተው መረቁኝ።

ከዚያ ዝም። ሳምንት ሙሉ ማንም አልደወለም። ዝናቡ ጀመረ። አያ ቢተው እየመጡ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። እኔም ሥራ የበዛብኝ ለመምሰል ባዶ ወረቀት አገላብጣለሁ። እውነቴን ነው፣ እሳቸውን ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ።

በስምንተኛው ቀን አንዲት ሴት ደወሉልኝ። እትዬ የሹመቤት ይባላሉ፤ ከጅጋ መለስ ብሎ ካለ ቀበሌ ናቸው። ባላቸው ሞተው አንድ በሬ ቀርቷቸዋል።

«እኒያ ባርኔጣ ያደረጉት ሰውዬ የት ሄዱ?» አሉኝ።

ያ ስህተት እንደነበር፣ አሁን በሬው በደንብ እንደሚታይ በኩራት አስረዳኋቸው።

«በሬውን ምን ላርገው? እሱንማ መጥቼ ዐየዋለሁ። እኔ በሬዬን የምሰጠው ለሰው ነው። የሚደበድብብኝ፣ ሳያበላ የሚያውልብኝ ቢሆንስ? ፊታቸውን ዐይቼ ልቤ አመናቸው። ወንድሜን አማክሬ ብመለስ በሬ ተገትሮ አገኘሁ» አሉኝ።

የአያ ቢተውን ፊት በእጄ ቆርጬ መለስኩት። ወንድምየው አየ፣ ተስማማ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ በሬዎች ተጠመዱ፤ የሁለቱም ማሳ ታረሰ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሌሎቹ ባለ በሬዎች መጡ። «የኛንም ፊት እንደ ድሮው አውጣልን» አሉኝ። ሁሉንም በእጄ እንዳልቆርጥ፣ ራሱ ይሠራዋል ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የነቀልኩትን ብልሽት ፍለጋ ገባሁ።

ከኢንተርኔት ሌላ ፊት ፈላጊ ፕሮግራም አወረድኩ። ለሙከራ ከአያ ቢተው በሬ ጎን ቆሜ ተነሣሁና ጫንኩት። አያ ቢተው አጠገቤ ሆነው ጠበቁ። ፕሮግራሙ ጥቂት አሰበ፣ ፊት አገኘ፣ ዙሪያውን አሳምሮ ቆርጦ አወጣው። የበሬውን።

አያ ቢተው ስክሪኑን አዩ፣ ዞር ብለው እኔን አዩ።

«ይኸኛውስ መምረጥ ያውቃል» አሉኝ።