አየሩ ያልተስማማቸው ሴት

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አየሩ ያልተስማማው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ከተማ የሚለውጠው ሥራ ሲያገኝ ወይም በፍቅር ሲከንፍ ነው። አየሩ ያልተስማማው ሰው ግን ሥራ እያለው፣ ቤት እያለው፣ የሚወደው ሰው አጠገቡ እያለ፣ አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱን ከፍቶ አፍንጫውን ወደ ውጭ ያወጣና «እዚህማ አልኖርም» ይላል። ሚላኖ ውስጥ አንድ አለ፤ ቦሎኛ ውስጥም አይታጣም። የሮማዋ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። አንቱ ካልተባሉ እሱም ራሱ አየር ያበላሽባቸዋልና፣ ክብርት እትዬ ውባንቺ እንበላቸው።

እትዬ ውባንቺ ጣልያን በኖሩባቸው ሃያ አራት ዓመታት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጉለሌን ጥቅምት። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጠዋቱ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ትከሻ ላይ ጣል የሚልበትን፣ የማያቃጥለውንም የማያንቀጠቅጠውንም ያንን አየር። «ጣልያን ረጅም አገር ነው፤ አንድ ቦታማ አይጠፋም» ይላሉ። ካርታውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ሲወርዱበት የጠፋ ዕቃ ከአልጋ ሥር የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ሮማ ዳር ካለችው ከሮማኒና ያስወጣቸው ነፋሱ ነው። «ነፋሱ ያውቀኛል፤ ሌላውን ሰው እያለፈ ነው እኔን የሚመታኝ» አሉ። ኦስቲያ፣ ባሕሩ ዳር ገቡ። በሦስተኛው ወር በርበሬያቸው ከእርጥበቱ የተነሳ ተጋግሮ በማንኪያ አልወጣም አላቸው። «በርበሬ ያልኖረበትን ቦታ እኔ እንዴት እኖረዋለሁ?» ብለው ወጡ። አንድ ሰው ቦልዛኖ ተራራ ላይ ናት፣ ደጋ ናት ቢላቸው፣ እዚያ አንዲት አሮጊት ሊጦሩ ተቀጥረው በመስከረም ሄዱ፤ ጥምቀት ሳይደርስ ተመለሱ። «ደጋ አሉኝ እንጂ ፍሪጅ መሆኑን ማን ነገረኝ?» በደቡብ ጫፍ ባለችው ሌቼ ደግሞ ሺሮኮ የሚሉት ነፋስ በባሕሩ ላይ አሸዋ ተሸክሞ መጥቶ ያጠቡት ነጭ አንሶላ ላይ አራገፈው። አንሶላውን ለአከራያቸው እያሳዩ «አፍሪካን ትቼ የመጣሁት አቧራዋ ተከትሎኝ እንዲመጣ ነው እንዴ?» ብለው ጮኹ፤ በአማርኛ። አከራይዋ ግን ሁሉንም እንደ ገባት ሰው ራሷን ነቀነቀች ይባላል።

በሄዱ ቁጥር ሽኝት አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰው ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። እትዬ ውባንቺ ዕቃቸውን ያከፋፍላሉ፤ ድስቱን ለአንዷ፣ መጋረጃውን ለሌላዋ። ሲመለሱ ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ «እስኪ ያቺን ድስት ለጊዜው» ይላሉ። ሮማ ውስጥ የእሳቸው ዕቃ ያላደረበት የሐበሻ ቤት የለም። በመጀመሪያው ሽኝት ሰው አልቅሷል፤ በሦስተኛው ኬክ ተቆርጧል፤ በአምስተኛው ሁለት ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ መጣ፣ አንደኛው ተከፍቶ የነበረ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ብርድ ልብስ ስጦታ ነው ወይስ አደራ?» ይላሉ ጋሽ ፀሐዬ። በሆቴል በር ላይ ሠላሳ ዓመት የሰው ሻንጣ ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የእትዬ ውባንቺን ግን እስከ ዛሬ የሚሸከሙ ሰው ናቸው።

«ስጦታ ነው እንጂ! ልመለስ ነው እንዴ?»

«እንግዲያው አላጥበውም። ባለፈው አጥቤ ነው የመለስኩት።»

ሳቁ ቀላል ነው፤ ኪሳራው ግን ቀላል አልነበረም። ዜግነት ለመጠየቅ አንድ ሰው ዐሥር ዓመት ሳይቋረጥ በኮሙኔው፣ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፤ ሬዚደንጻ የሚሉት ነው። እትዬ ውባንቺ ታዲያ አየር ሲጠራቸው ቄሱን ይሰናበታሉ፣ ጎረቤቱን ይስማሉ፣ ባንግላዴሻዊውን አትክልት ሻጭ ሳይቀር አቅፈው ያለቅሳሉ፤ መዝገብ ቤቱን ግን አንድ ቀን ተሰናብተው አያውቁም። ፖሊስ መጥቶ ያንኳኳል፤ ማንም የለም፤ ስማቸው ይሰረዛል፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ስድስት ዓመት የዘለለ ቆጠራ የላቸውም። «ዜግነት ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «ፓስፖርቱ ውስጥ ፀሐይ አለ?»

የእህታቸው ልጅ ሶሊ ግን ትቆጥር ነበር። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መጥታ፣ የምትጦራት አሮጊት እስክትሞት እዚያው አሮጊቷ ቤት ተመዝግባ ኖራ፣ ከዚያ ወዲህ ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሠፈር ባለው የአክስቷ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አድራሻዋን በሥርዓት አዛውራ፣ ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር ሞልቷታል። ሰባት ወር ይቀራታል። የቤቱ ኮንትራት በአክስቷ ስም ነው።

በዚህ መሀል ነው የሲሲሊዋ ካታኒያ የመጣችው። ልዕልቲ የምትባል የድሮ ባልንጀራቸው ደውላ፣ ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ያለው ክፍል አገኘሁልዎት፣ አከራዩ እስከ የካቲት መጨረሻ ብቻ ይጠብቃል አለች። እትዬ ውባንቺም ወሰኑ። በዚህኛው ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። የቶር ፒኛታራው ቤት ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ ሲያይ ገና ከሩቅ ይንቋቋል፤ ሳሉ ከኅዳር ጀምሮ አልለቀቃቸውም። ሐኪሙ ሳይቀር «ሲኞራ፣ ደረቅ ቦታ ይሻልዎታል» ብሏቸዋል። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ አንድ የተማረ ሰው ከእሳቸው ጋር ተስማማ!

አከራዩ ሲኞር ሪካርዶ ደግሞ እትዬ ሲወጡ ቤቱን አድሶ ለቱሪስት በቀን ሊያከራየው አቅዷል። ለሶሊ እንደማይሰጣት በፈገግታ ነግሯታል። ሌላ ቤት መፈለግ ይቻላል፤ አድራሻ የሚያስመዘግብ አከራይ ግን በየመንገዱ አይገኝም። ሶሊ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ለአክስቷ አልነገረችም። መናገር የሚከብዳት ልጅ ናት። ልትጀምር ስትል የአክስቷ ሳል ይቀድማታል።

ቤቱን እለቃለሁ የሚለው ደብዳቤ በራኮማንዳታ፣ በአደራ ፖስታ፣ መላክ ነበረበት። ማክሰኞ ጠዋት አክስትና ልጅ ፖስታ ቤት ሄደው ተራ ቁጥር ያዙ፤ ከፊታቸው ዐሥራ አንድ ሰው አለ። እትዬ ውባንቺ ፖስታውን ጭናቸው ላይ አድርገው ስለ በረንዳው አወሩ፤ ወንበሩን የት እንደሚያደርጉ፣ እግራቸውን ወዴት እንደሚዘረጉ። ሶሊ «እሺ» አለች። ደግመው አወሩ። «እሺ» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ዛሬ እሺሽ አላማረኝም።»

«ምንም።»

«ያ ዐሥር ዓመት የምትዪው ነገር መቼ ነው የሚሞላው?»

«ነሐሴ መጨረሻ።»

እትዬ ውባንቺ ፖስታውን አገላበጡት። «አሎራ፣ እንግዲያው ሰውዬው ከአንቺ ጋር ኮንትራት ይፈርማል አይደል?»

ሶሊ የተራ ቁጥሩን ወረቀት አጠፈች።

«ሶሊዬ፣ ጠየቅኩሽ እኮ።»

«አይፈርምም።»

«ለምንድነው ያልነገርሽኝ?»

«ስለ በረንዳው ሲያወሩ አይስሉም» አለች ሶሊ። «ልብ ብዬ አይቻለሁ። አንድም ጊዜ አይስሉም።»

ቁጥራቸው ተጠራ። እትዬ ውባንቺ አልተነሱም። ሁለተኛ ተጠራ። ከጎናቸው የተቀመጡት ጣልያናዊ ሽማግሌ «ሲኞራ፣ የእርስዎ ተራ ነው» ቢሏቸው፣ «ይለፉ፣ ይለፉ፤ እኔ አየር ልወስድ ነው የመጣሁት» አሏቸው።

እሑድ ዕለት፣ ሽኝቱ ሊደረግ በታሰበበት አዳራሽ፣ ቆመው አወጁ። «ካታኒያ ቀርቷል። ተራራው እሳት ይተፋል፤ አመድ ይዘንባል። አመድ በጃንጥላ አይመለስም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ እየተነካኩ ወደ ወጥ ድስቱ ተመለሱ። «ዘንድሮማ ሳይሄዱ ተመለሱ!» አሉ ጋሽ ፀሐዬ። «ቢያንስ የባቡር ቲኬቱ ተረፈ። ብርድ ልብሱንም አልተቀበልኩም፤ እንደማይሄዱ ጉልበቴ ነግሮኝ ነበር!»

ሶሊ ፊቷ ቀላ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ልትናገር ብድግ ስትል፣ አክስቷ ክንዷን ይዘው ወደ ወንበሩ መለሷት።

«ዝም በይ» አሉ በሹክሹክታ። «ሰው ስለ አየር ሲስቅብኝ ሃያ አራት ዓመት ለምጄዋለሁ። ሲያዝንልኝ ግን አልለመድኩም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም።»

ያን የካቲት ግድግዳው አላበው። መጋቢትም አላበው። በሐምሌ ደግሞ የሮማ ሙቀት አስፋልቱን አለሰለሰው፤ እትዬ ውባንቺ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው ማዘጋጃ ቤቱን፣ ቴቬሬ ወንዝን፣ በሙቀቱ የማያልባቸውን የድንጋይ ሐውልቶች ሳይቀር ረገሙ። አንድ ነገር ግን አላሉም። «እዚህማ አልኖርም» አላሉም።

በመስከረም መጀመሪያ ሶሊ ማመልከቻዋን ላከችና መጥታ ከአክስቷ ፊት ተቀመጠች። ንግግሯን መንገድ ላይ ስታጠና ነው የመጣችው። «አለቀ፤ ላኩት። ለልዕልቲ ደውያለሁ፤ ሌላ ክፍል ትፈልግልዎታለች።»

«መልሱ መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት። ሦስትም ሊሆን ይችላል።»

«እስከዚያ አድራሻው ባይኖርስ?»

ሶሊ ይህን ጥያቄ አላጠናችውም። መዋሸትም አትችልም። «ዜግነቱ እስከሚሰጥበት መሐላ ድረስ አድራሻው መኖር አለበት» አለች። «ግን እኔ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ፤ ሰባት ወር አይደለም እኮ፣ ሦስት ዓመት እንዴት…»

«ቫ ቤኔ፤ እሺ» አሉ እትዬ ውባንቺ፤ ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

በማግስቱ ጋሽ ፀሐዬና ሦስት ጎረምሶች በጠባቡ በር ላይ እየተሳደቡ አንድ ቁም ሣጥን አስገቡ። ባለ ሦስት በር፣ ድፍን እንጨት፣ የማይፈታ፣ የማይታጠፍ፤ ከሠፈሩ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተገዛ። በሩ እንዲያሳልፈው የበሩን አንዱን ማጠፊያ መንቀል ግድ ሆነ። እትዬ ውባንቺ እንደ ጦር አዛዥ ቆመው «ከግድግዳው ራቅ! ራቅ አርጉት፤ እርጥበቱ እንዳያገኘው!» ይላሉ።

ጋሽ ፀሐዬ ላባቸውን ጠረጉ። «እትዬ፣ የሚቀጥለው አየር ሲጠራዎት ይሄን ማን ሊያወጣው ነው?»

«ማንም አያወጣውም» አሉ እትዬ ውባንቺ። መካከለኛውን በር ከፈቱና የሶሊን ቀሚሶች አንድ በአንድ መስቀል ጀመሩ።