ክቡር አትጫኑ እና አሥረኛው ትምህርት

ሰፈራችን ሰሞኑን አንድ ወሬ ይዟል። አንድ የኢንተርኔት ሌባ በክቡር አትጫኑ ስም መልእክት ልኮ አርባ ተማሪዎቻቸውን በአንድ ጠዋት አራቆታቸው፤ እሳቸውም በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ ይባላል። ወሬውን ያመጣው የካፌያችን አስተናጋጅ ነው፤ ሰውየው ሻይ ያለ ወሬ አቅርቦ አያውቅም። እኔ ግን አላመንኩም። አንደኛ፣ ከአርባዎቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ ከእኔ የሄደ ነገር የለም፣ የሚወሰድ ነገርም የለኝም። ሁለተኛ፣ ሰውየውን አውቃቸዋለሁ።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። እኛ ያልፈራነውን ሁሉ በውክልና የሚፈራልን አንድ ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛው፣ «አትጫኑ» ማለት ስለሚያበዙ ክቡር አትጫኑ ያልናቸው ሰውዬ፣ የአሳንሰር ቁልፍ እንኳ ማን እንደሠራው ሳያጣሩ አይነኩም። ሥራቸው፣ ስልክ ይዞ ስልኩን ለማያውቅ እንደኔ ላለ ተራ ሰው፣ ከኢንተርኔት አጭበርባሪ መጠበቂያ የኦንላይን ኮርስ ማዘጋጀት ነው። ትምህርታቸው ሁሉ በሦስት ጥያቄ ያልቃል፦ «ማን ላከው? ለምን ቸኮለ? ምን ፈለገ?»

ሚስታቸው አንድ ቀን «ቶሎ ና፣ እንግዳ መጥቷል፣ ይዘህ የምትመጣው ነገር አለ» ብላ ብትጽፍላቸው፣ ሦስቱን ጥያቄዎች መልሰው ላኩላት አሉ። መልሷ አጭር ነበር፦ «ሚስትህ። እንግዳዋ እናቴ ስለሆነች። ዳቦ።»

የእኔን ስልክ ገልብጠው ያዩ ዕለትማ አይነሣ። ፓስዎርዴን በፕላስተር ላይ ጽፌ ከጀርባው ለጥፌዋለሁ። «ወንድሜ፣ ይሄ ፓስዎርድ ነው ማስታወቂያ?» አሉኝ። ፓስዎርዱን እዚያው አስቀየሩኝና ፎቶውን ትምህርት አራት ላይ አወጡት። ስሜን አልጠቀሱም፤ አውራ ጣቴን ግን ሰፈሩ በሙሉ አወቀው።

አሠራራቸውም የራሳቸው ነው። አንድ ትምህርት ጽፈው ሲጨርሱ ላፕቶፑን ተሸክመው፣ ከአርባዎቹ ተማሪዎች አንዷ የሆኑት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሱቅ ይሄዳሉ። «እትዬ፣ ያንብቡልኝ። ያዛጉበት ቦታ ይሰረዛል።» እትዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያነባሉ፤ ያዛጋሉ፤ የሦስት ቀን ሥራ ገደል ይገባል። «ኧረ ልጄ፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው እንጂ ጥሩ ነው» ቢባሉም አይሰሙም። እንዲህ እየተዛጋባቸው በስምንት ወር ዘጠኝ ትምህርት አወጡ። ከአርባችን አንድም ሰው አልተንጠባጠበም።

አሥረኛው ላይ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ መጡ። «እስከ ዓርብ ማታ ሁሉም ተማሪ አሥረኛውን ካልጨረሰ ኮርሱ ይዘጋል፤ አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ» አሏቸው።

ዓርብ ጠዋት እኔ ዘንድ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ደረሰ፦ «ውድ ተማሪ፣ ዛሬ ካልጨረሱ ዕድልዎ ያመልጥዎታል! በፍጥነት ይህን ሊንክ ይጫኑ!» ከሥሩ የክቡር አትጫኑ ስም አለ። እኔን ሊሸውድ! ወዲያው መሥሪያ ቤታቸው ደውዬ፣ ሌባ በስማቸው እየነገደ መሆኑን አስታወቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

በኩራቴ ላይ እንዳለሁ ሱሪዬን ላሳጥር እትዬ ሱቅ ገባሁ። መልእክቱ እሳቸውም ዘንድ ደርሷል። ወዲያው ከዚያው ቁጥር ስልካቸው ጮኸ፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈቱት።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ! ሊንኩን እኮ...»

«እኔ አይደለሁም የሚል ሌባ የትኛው ነው?»

«ኧረ በሞቴ! ድምፄን አያውቁትም?»

«ድምፅም ይሰረቃል ብሎናል፤ ትምህርት ሰባት ላይ። አንተም ብትማር ኖሮ ከዚህ ሥራ ትወጣ ነበር፣ ልጄ» አሉና ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክቡርነታቸው ራሳቸው፣ የቢሮውን ስልክ እንደጨበጡ፣ በላብ ተጠምቀው ከበሩ ላይ ብቅ አሉ። እትዬ ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«ማን ላከህ? ለምን ቸኮልክ? ምን ፈለግህ?»

ክቡርነታቸው የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ዘፍ አሉ። መልእክቱን የላኩት እሳቸው ነበሩ። አለቃቸው ቢያጣድፏቸው፣ ስምንት ወር ሙሉ «ይህን ስታዩ ሽሹ» ሲሉን የኖሩትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጽፈው፣ ከአዲሱ የቢሮ ቁጥር ላኩት። እስከዚያች ሰዓት የጫነ ሰው ዜሮ።

እትዬ ስልካቸውን አንስተው ጣታቸውን ሊንኩ አናት ላይ አደረሱ። «ከሥራህ ከምትወጣብኝስ... ልጫነው፣ ልጄ?» እኔም የራሴን ስልክ አወጣሁ።

ክቡር አትጫኑ ከጨርቁ ክምር ላይ ተነሡ። ስምንት ወር ሙሉ «ይጫኑ» የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። ሥራቸው በእትዬ ጣት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አይ... ይተዉት፣ እትዬ» አሉ በመጨረሻ። «ከማያውቁት ቁጥር የመጣ ነገር ነው። ዛሬ ለእኔ ብለው ከጫኑ ነገ ለሌላው ይጫናሉ። አይጫኑ።»

ዘልዬ ብስማቸው ደስ ባለኝ፤ ሱሪዬ ግን በስፒል ተይዞ ነበር።

ሰኞ ዕለት ካፌ ገቡ። አስተናጋጁ ሻዩን እንደያዘ ቆሞ፣ «ተማሪዎችዎን ሌባ ዘርፏቸው እርስዎም ተባረሩ ይባላል፤ እውነት ነው?» አላቸው።

ክቡርነታቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ውሸት ነው። ሌባ የለም፤ የላክሁት እኔ ነኝ። የተዘረፈ የለም፤ አንድም ሰው አልጫነም። የተባረረም የለም፤ እነዚህ አርባ ጉዶች ተራ በተራ እየደወሉ ቢከሱኝ፣ አለቃዬ ስልክ ሲያነሡ ውለው፣ ትምህርቱ ለሁሉም እንደገባው አይተው፣ ኮርሱ ለሕዝብ ሁሉ እንዲለቀቅ አዘዙ። አሥረኛውን ትምህርት ብቻ ሰርዤዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላስተምራቸው?»